ባለ 8 ጉብታ የመጫወቻ ጡብ
ፕላስቲክ። ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ጉብታዎቹ ሳይቆጠሩ

የዴንማርኩ ሌጎ ለዚህ ጡብ አሠራር የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የአንዱ ጉብታ በሌላው ሆድ ውስጥ ካሉት ቱቦዎች ጋር ጥብቅ ብሎ ይያያዛል፤ ሙጫ አያሻም።

ማይክሮስኬል በሚባለው አሠራር አንዲት ቁራጭ ሙሉ ቤት ትሆናለች። ሐረርን 500 ጊዜ እናሳንሳት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸውና 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞረው የጀጎል ግንብ 7 ሜትር ይሆናል፤ 4 ሜትር ግድም የሆነው ቁመቱ አንድ ጡብ እንኳ አይሞላም። በግንቡ ውስጥ ያለው 48 ሄክታር ከተማ ሁለት ካሬ ሜትር በማይሞላ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ፈተናው ያለው እዚህ፣ ጊደር መጋላ ዙሪያ ነው። ስሙ በሐረሪኛ «ትልቅ ገበያ» ማለት ሲሆን፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ጋር የሚያገናኘው በልብስ ሰፊዎች የታወቀው መኪና ግርግር የተባለው መንገድ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያላት መተላለፊያ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ በጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት ግን 8 ነው። ስለዚህ መሃሉ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ያለው ስስ ቁራጭ ከሥር ይገባና ቤቱን በግማሽ ያሸሸዋል፤ መንገዷም ትከፈታለች። ድንቅ ብልሃት ነው።

በሥጋ ተራው ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንዲቷ ጉብታ ትበልጠዋለች።