የሪነ እና የዌበር ፍተሻዎች

ቱኒንግ ፎርክ በሚባል ባለሁለት ጣት ብረት የሚደረጉ የጆሮ ምርመራዎች። የመስማት ችግሩ ከድምፅ መተላለፊያው ይሁን ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቭ ይለያሉ። ስያሜያቸው ከጀርመናውያኑ ሃይንሪሽ አዶልፍ ሪነ እና ኤርንስት ሃይንሪሽ ዌበር የመጣ ነው።

በሪነ ፍተሻ ሐኪሙ በሰከንድ 512 ጊዜ የሚርገበገበውን ብረት መትቶ እግሩን ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ያሳርፋል፤ ቀጥሎም የብረቱን ጣቶች ወደ ጆሮ ቀዳዳ ያስጠጋል። በጤነኛ ጆሮ በአየር የሚመጣው ድምፅ ይጎላል። በአጥንት በኩል የመጣው ከበለጠ ግን ኩክ፣ የተበሳ ታምቡር ወይም በመካከለኛው ጆሮ የተጠራቀመ ፈሳሽ የድምፁን መንገድ አውኮታል ማለት ነው። ነርቭ ሲጎዳ ሁለቱም ይደክማሉ፤ አየሩ ግን እንደበለጠ ስለሚቆይ ሪነ ብቻውን አይበቃም።

ለዚህም በዌበር ፍተሻ ብረቱ ግንባር መሃል ላይ ይደረጋል። ድምፁ መተላለፊያው ወደታወከው ጆሮ ያደላል፤ ታካሚውን ግር የሚያሰኘውም ይኸው ነው። የነርቭ ጉዳት ከሆነ ወደ ደህናው ጆሮ ይሄዳል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ጨርሶ በደነቆረ ጆሮ ጀርባ የተቀመጠ ብረት ንዝረቱ የራስ ቅልን አቋርጦ በሌላው ጆሮ ይሰማል። የመስማት ችሎታ ኦዲዮሜትር በሚባል መሣሪያ ሲለካ ደህናው ጆሮ በሹክሹክታ መሰል ጫጫታ የሚያዘው ለዚህ ነው።