የነፋስ መርከብ፤ ስለ ክብረ ነገሥት ትረካ በመጽሐፍ፣ በሥዕልና በቃል

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይባላል። በስሙ ረገድ እውነት ነው፤ በነገሩ ግን እኛም የምንቈጥረው አለን። ክብረ ነገሥት በ30ኛው ምዕራፍ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ መካከል አንዲት በባሕር፣ አንዲትም በነፋስ ላይ የምትሄድ መርከብ እንደ ነበሩ ይተርካል፤ ይህችንም ሰሎሞን እግዚአብሔር በሰጠው ጥበብ እንደ ሠራት ይናገራል። ኋላም ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመለስ ሠረገሎቹ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ሄዱ፤ የ13 ቀን መንገድም በአንድ ቀን ጨረሱ። አንባቢ ልብ ይበል፤ የሠረገሎቹ ጕዞ ተአምር ነው፤ መርከቢቱ ግን የእጅ ሥራ ናት። ደራሲው ሁለቱን ለይቶ መጻፉን እኛ እንደ ትልቅ ነገር እናየዋለን።

ይህ ትረካ በመጽሐፍ ተወስኖ አልቀረም። በ20ኛው መቶ ዓመት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ታሪኩን በሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው፣ እንደ ፊልም ተከታትሎ እንዲታይ አድርገው ሣሉት። የሚጀምሩትም በመጽሐፉ ከሌለው ከአርዌ ዘንዶ ነው። የነፋሷ መርከብ ግን በተለመደው የሥዕል ድርድር ውስጥ ቦታ የላትም። በእኛ ግምት ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መጽሐፉ መልኳን አልነገረም፤ ዘንዶን ግን ማንም ይሥለዋል። ኤኖ ሊትማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ያሳተመው የትግረ ቃላዊ ትረካም የዘንዶውን ደምና የንግሥቲቱን እግር ያያይዛል። በውጭ አገርም ካርል ጎልድማርክ በ1875 በቪየና ኦፔራ አድርጎ አቀረበው፤ ሆሊውድም በ1959 ፊልም አወጣበት። (ስለ ፊልሙ ታሪካዊነት ባንናገር ይሻላል።)

በአገራችን ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። መጽሐፉ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ነበርና፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዛቸው ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው አስመለሱት። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የንጉሡን ዘር ከዚሁ ትረካ አገናኘ፤ ይህም እስከ 1967 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ድረስ ቈየ። አንድ ትረካ እስከ ሕግ አንቀጽ ሲደርስ፣ ለታሪክ ተማሪ «እውነት ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃውም፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ተረከው መመርመር አለበት።

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ለመጣ ተማሪ ይህ የሰሜን ታሪክ የሩቅ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መጽሐፉ በይስሐቅ ንቡረ እድ የተጻፈው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን አካባቢ ነው። በጉራጌም አዝማች ስብሐት ከአካለ ጉዛይ፣ ጉራ ከሚባለው ስፍራ መጥተው ሰፈሩ የሚለው ቃላዊ ታሪክ የሚያያዘው ከዚሁ ንጉሥ ጋር ነው። ሁለቱ ትውፊቶች በአንድ ዘመን መገጣጠማቸው ሊጠና የሚገባው ነው፤ ግንኙነት አላቸው ብሎ መደምደም ግን ገና ነው።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። ከቡታጅራ በስተምሥራቅ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ደብረ ጽዮን የምትባል ደሴት አለች። በትውፊቱ መሠረት በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት ያህል በዚያ ተቀምጣለች። ስለዚህ ትረካው ከኢየሩሳሌም አክሱም ደርሶ አላበቃም፤ ወደ ደቡብ ቀጥሏል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ ቋንቋ ደግሞ ከስልጤና ከወለኔ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በዚህኛው የጕዞው ክፍል ግን የምትበር መርከብ አትነሣም፤ ወደ ደሴቲቱ የሚሄደው በታንኳ ነው።