በሐረር ከተማ ስላለው ባለ ሰገነት የእንጨት ቤት

ሐረርን ለማየት የሄደ እንግዳ በጁገል ግንብ ውስጥ ሳያይ የማይመለሰው አንድ ቤት አለ፤ ስሙም የራምቦ ቤት ይባላል። አርቱር ራምቦ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር። ቅኔውን በወጣትነቱ ትቶ በ1873 ዓ.ም. የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሐረር መጣ፤ እየተመላለሰም ሲነግድ ቆይቶ በ1883 ዓ.ም. እግሩ ስለ ታመመ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሞተ።

ነገር ግን ይህ ቤት የተሠራው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ያሠራውም አንድ የህንድ ነጋዴ ነው። ባለቅኔው ኖሮበታል የሚባለው በዚሁ ስፍራ ቀድሞ የነበረ ሌላ ቤት ነው። ይህን የምናነሣው የባለቅኔውን ስም ከበሩ ላይ ለመፋቅ አይደለም፤ ስሙ ቤቱን ከመፍረስ እንደ ጠበቀው አንክድም። የምናዝነው፣ እንግዳው ስለ ሰውዬው ሰምቶ ስለ ቤቱ ሳይሰማ መመለሱ ነው።

ቤቱን ለመረዳት አስቀድሞ የሐረሪን ነባር ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ሐረሪዎች ጌይ ጋር የሚሉት ይህ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ነው። በአጥሩ በር ገብተው ግቢውን ካላለፉ በቀር ውስጡ አይታይም። ጌጡ ሁሉ በውስጥ ነው፤ ነደባ የተባሉት አምስቱ መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ሰው ሁሉ እንደ ማዕርጉ እንዲቀመጥባቸው ነው። መንገደኛው የሚያየው ግድግዳ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ በከተማው የተቀመጡት የህንድ ነጋዴዎች ግን ሌላ ዓይነት ቤት አመጡ። ይኸውም አራት ማዕዘን፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት የእንጨት ሰገነት ያለው ነው። ነጋዴ ገበያውን ማየት፣ በገበያውም መታየት ይፈልጋልና ቤቱ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ይህንንም ለውጥ ያስቻለው እንጨት ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ትልቅ መስኮት ቢከፈትበት ይደክማል፤ ምሰሶና አግዳሚ ግን ክብደቱን ተቀብለው መካከሉን ለነፋስና ለብርሃን ይተውታል።

የራምቦ ቤት የተባለው ከእነዚህ ሁሉ ያማረው ነው። የእንጨት ሥራው በጥንቃቄ የተቀረጸ፣ የመስኮቱ መስተዋት ባለ ቀለም፣ የላይኛው አዳራሽ ኮርኒስም በሥዕል ያጌጠ ነው። ከፎቁ ላይ ሆኖ የከተማውን ጣሪያዎች መመልከት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ የጥንቷን ሐረር ፎቶግራፎች ያሳያል። ከእርሱ ሳይርቅ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ሌላው የህንድ ነጋዴ ሥራ አለ፤ ከበሩ በላይ ጋኔሽ የተባለው ባለ ዝሆን ራስ የህንዶች አምላክ ተቀርጾበታል። በመስጊዶች ከተማ፣ በክርስቲያን መስፍን ስም በሚጠራ ቤት ላይ የህንድ ጣዖት! ሐረር ስንት ሕዝብ እንዳስተናገደች ከዚህ የበለጠ ምስክር ያስፈልግ ይሆን?

የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የሐረርን ተራራ ትቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ይህ ለሐረር ነጋዴ ጉዳት ቢሆንም ለአሮጌዎቹ ቤቶች ጥቅም ሳይሆን አልቀረም፤ ገንዘብ በበዛበት ከተማ አሮጌ ቤት ዕድሜ የለውምና።

ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከሐረሪው ቤት ጋር የህንዱንም ቤት፣ ሁለቱ ተዋሕደው የወለዱትንም ሦስተኛ ዓይነት ቤት ቆጥሯል። ዳሩ ግን የእንጨት በሮች በብረት መለወጣቸውንና የማይስማማ ልስን መለሰኑንም አብሮ አመልክቷል። ይህ የቀላል ነገር አይደለም። እንጨት ጠላቱ ውሃና ምስጥ ነው፤ የጣሪያው ክፈፍ ቢያፈስ የምሰሶው እግር ይበሰብሳል። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይቀራል፤ በውስጡ የተቀበረውን አግዳሚም ይበላዋል። ባለቤቱ ቤቱን ያጠነከረ መስሎት ያደክመዋል። ጥሩ አናጢ ግን የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቆርጦ፣ ያንኑ ዓይነት እንጨት ይቀጥልበታል፤ የቀረው የቀድሞው ሠራተኛ እጅ እንዳለ ይኖራል።

የባለቅኔ ስም ያለው ቤት ጠጋኝ አያጣም። በጎኑ ያለውና ስም የሌለው፣ ሰገነቱ ግን ያው የሆነው ቤት በባለቤቱ አቅም ብቻ የሚኖር ነው፤ አንድ የተቀረጸ ምሰሶ ለማስተካከል የሚጠየቀው የአናጢ ዋጋም ከብረት ቱቦ ዋጋ ይበልጣል። የቅርስ ጥበቃ ሹማምንት የጥገና ገንዘብ ሲመድቡ ሊያስቡላቸው የሚገባቸው እነዚህኞቹ ናቸው። በራምቦ ቤት ደጅም፣ ከባለቅኔው ስም ሥር፣ ቤቱን የህንድ ነጋዴ እንዳሠራው የሚናገር አንድ መስመር ቢጻፍ ወጪው የቀለም ብቻ ነው።