ከማን ጋር መጣህ? የውጭ በጎ ፈቃደኞችና አጃቢዎቻቸው በምሥራቅ ጎጃም

ስለ ውጭ በጎ ፈቃደኞች የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከራሱ ከፈቃደኛው እጅ የወጣ ነው። ማስታወሻውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ፎቶግራፉን የሚያነሣው፣ አገሩ ተመልሶም ያየውን የሚተርከው እሱ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ሁሉ ፈቃደኛው ምን ሰጠ፣ ምንስ ተማረ በሚሉት ጥያቄዎች ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። የቅርብ ዘመን ተቺዎችም ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። ወጣቱ ባለሙያ «ዘላቂ ልማት» እያለ ድሃ አገር የሚሄደው የሥራ ልምዱን ለማሳመር ነው ብለው ሲወቅሱት፣ ዞረው ዞረው የሚያወሩት ስለዚያው ወጣት ነው።

እኔ እዚህ የማቀርበው ክርክር ወደ ሌላ ሰው ያመራል። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ከ1960ዎቹ ወዲህ ካለው ታሪክ ተነሥቼ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ መመዘን ያለበት በእንግዳው ብቻ ሳይሆን በእንግዳውና ከጎኑ በቆመው የአገሬው ሰው ጥምረት ነው እላለሁ። አጃቢው አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል፣ ሳኒቴሪያን ሊሆን ይችላል፣ በቅሎ ነጂ ወይም ጭቃ ሹምም ሊሆን ይችላል። ሥራው የተሳካውም የከሸፈውም በአብዛኛው በእሱ በኩል ነው። (በመጣጥፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደብተር የያዘ እንግዳ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የጤፍ አገር የሆነውን ደጋ ይሰነጥቃል፤ የጮቄን ተራራ በአንድ ወገን፣ የዓባይን ሸለቆ በሌላው ወገን ትቶ ያልፋል። ይህ አገር ከ1974ቱ አብዮት በፊት የርስት አገር ነበር። ርስት ከአያት ከቅድመ አያት በትውልድ ቆጠራ የሚደርስ መብት በመሆኑ፣ መሬትን ለክቶና መድቦ በመዝገብ ማስፈር ለባለርስቱ የግብር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየውም፤ ነገ «ይህ መሬት የማን ነው?» ተብሎ እንዲጠየቅ በር መክፈት ነው። የጎጃም ገበሬ በ1940ዎቹም በ1950ም በዚሁ ምክንያት ተነሥቶ ያውቃል።

በ1967 መገባደጃ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አወጣ። በተከታዩ ዓመት፣ በእኛ 1960 ዓ.ም.፣ ሞጣና ቢቸና አውራጃዎች የግብር ገማች አናስገባም አሉ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ኃይል ተጠቀሙ፤ ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። የታሪክ ባለሙያው ገብሩ ታረቀ በ1991 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዓመፅ ከትግራዩ ቀዳማይ ወያኔና ከባሌው ትግል ጎን አስቀምጠው መርምረውታል። ሦስቱን አወዳድሮ ለሚያነብ ሰው የጎጃሙ ለየት የሚልበት ነገር አለ፤ ገበሬው በእርግጥ አሸንፏል። ደብተር ይዞ የመጣን እንግዳ መመለስ እንደሚቻል በተግባር ያየ ሕዝብ ነው።

ስለ በጎ ፈቃደኞች በሚጻፈው ውስጥ ይህ ታሪክ አይነሣም። መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም ቆየት ብሎ የክትባት መርፌ ይዞ የመጣው ወጣት ፈረንጅ ቤት ይቆጥር ነበር፤ ስም ይጠይቅ ነበር፤ ይጽፍም ነበር።

መምህሩ

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፒስ ኮርን፣ በአማርኛ የሰላም ጓድ የተባለውን፣ ያቋቋሙት በመጋቢት 1961 ነው። በመስከረም 1962 ከ270 በላይ ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ፤ አለቃቸው በኋላ የፔንሲልቬንያ ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ የማስተማር ልምድ የሌላቸው ነበሩ፤ ወደ ክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተደለደሉ። ዲግሪ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቁጥር በአንድ ጊዜ በእጥፍ ገደማ አደገ ይባላል። (ከእነሱ በፊትም በኋላም በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን፣ ደመወዝተኛ ስለነበሩ ብቻ፣ እንዲህ ያለ ሰፊ የታሪክ ጽሑፍ አላገኙም። ያሳዝናል።)

መምህሩ ከገማቹ ይልቅ የተሻለ ዕድል ነበረው። ርእሰ መምህር አለው፣ ደወል አለው፣ ሥርዓተ ትምህርትና የሚኒስትሪ ፈተና አለው። ማን ላከህ ሲባል መልሱ ግልጽ ነው። ከጎኑ የሚቆመውም ሰው በተፈጥሮ ይገኛል፤ በመምህራን ማረፊያው ወንበር የሚጋራው ኢትዮጵያዊ ባልደረባ ማለት ነው። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው ወጡ። በዕድሜም በትምህርትም የሚመሳሰሉ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ በፈቃዱ ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ፣ ሌላው በግዴታ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንድ ትምህርት ቤት ተገናኙ።

ግንኙነቱን ሁልጊዜ ሰላማዊ አድርጎ መሳል ግን ታሪኩን ማለስለስ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የተማሪውን ንቅናቄ ይዞ ነው የወጣው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊውን መምህር የመንግሥቱ ወዳጅ የሆነው ኃያል አገር መልእክተኛ አድርገው የሚያዩት በዙ። ለመግቢያ የጠቀመው «ሚኒስቴሩ ነው የላከኝ» የሚለው መልስ፣ ሚኒስቴሩ ሲጠላ ዕዳ ሆነ። የፈቃደኞቹ ቁጥርም ቀነሰ።

ሹካ መሳይዋ መርፌ

ክርክሬ ይበልጥ የሚጠራው በፈንጣጣው ዘመቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ የገባው ዘግይቶ፣ በጥር 1971 ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ በዓለም ከተመዘገበው ግማሹን ያህል ማለት ነው። የድርጅቱን ቡድን ኦስትሪያዊው ኩርት ቫይትሃለር ይመሩ ነበር፤ ብራዚላዊው ቺሮ ደ ኳድሮስም አብረዋቸው ነበሩ። በመስኩ ከተሰማሩት መካከል አሜሪካውያን፣ ኦስትሪያውያንና ጃፓናውያን ወጣት ፈቃደኞች ይገኙባቸዋል።

የመሣሪያውን ቀላልነት ማየት ያስፈልጋል። ክትባቱ በብልቃጥ ደርቆ ይመጣና በፈሳሽ ይበጠበጣል። መርፌዋ ጫፏ ላይ እንደ ሹካ ሁለት ጣት አላት፤ ስትነከር በጣቶቿ መካከል አንዲት ጠብታ ትይዛለች። ከዚያ በክንድ ላይ፣ እዚያው በዚያው፣ አሥራ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይወጋል፤ ደም ብቅ ካለ ተከተበ። ይህን ለመልመድ ዲግሪ ቀርቶ ፊደል መቁጠርም አያሻም፤ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። እንግዲህ ወጣቱ ባለሙያ ከውጭ ያመጣው «ሙያ» እዚህ ላይ ምንድን ነው? መርፌውን መውጋት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ከባዱ ሥራ ያለው መርፌው ከመነከሩ በፊት ነው። ዘመቻው አገር ሙሉ በጅምላ ከመክተብ ይልቅ ታማሚውን ፈልጎ ማግኘትንና በዙሪያው ያሉትን ከትቦ በሽታውን መክበብን መረጠ። ፈላጊው በገበያና በትምህርት ቤት የታማሚ ልጅ ሥዕል ያለበትን ካርድ እያሳየ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» ይላል። አንዱ «ከወንዙ ማዶ» ካለ በበቅሎና በእግር ይኬዳል። በር ላይ ሲደረስ ልጁ ጓዳ ተደብቋል። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ድርድር የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ፈቃደኞቹ ጥቂት ወራት ብቻ የተማሩት አማርኛም ለእንዲህ ያለ ድርድር አይዘልቅም። የሚያስገባው ሰው ሳኒቴሪያኑ ነው፣ ምናልባትም ከጎንደር ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የወጣ፤ ወይም ድሬሰሩ፤ ወይም ጭቃ ሹሙን የሚያውቀው መንገድ መሪ፤ ወይም በቅዳሴ ማግስት «ተከተቡ» ያሉት ቄስ።

እምቢታውን «ኋላቀርነት» ብሎ ማለፍ የጥናት ስንፍና ነው። በመጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ገዳይነቱ ዝቅ ያለው ዓይነት ነበር፤ ብዙው ሰው ታሞ ይድናል። ሁለተኛ፣ ደገኛው መከተብን ከፈረንጅ አልተማረም። ከታማሚ ቁስል የተወሰደ መግል የሰው ክንድ ጭሮ ማስገባት በአገሩ የቆየ ሙያ ነበር፤ ባለሙያዎቹም ክብርና ገቢ ነበራቸው። ዘመቻው ይህን ልማድ ማስቆም የፈለገበት ምክንያት ትክክል ነው፤ በዚህ መንገድ የተከተበ ሰው እውነተኛውን በሽታ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቢሆንም እምቢ ባዩ ገበሬ ዕውቀት የሌለው ሳይሆን ሌላ ዕውቀት የያዘ ሰው ነበር። ሦስተኛ፣ በሞጣና በቢቸና ዘመቻው ሲጀመር ከ1968ቱ የአውሮፕላን ድብደባ ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ቤት ቆጥሮ ስም ለሚጽፍ መንግሥታዊ እንግዳ በር መዝጋት ከዚያ ትዝታ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም መገመት አያስቸግርም። ውለታ በደቦና በወንፈል ተቆጥሮ በሚመለስበት አገር፣ ምንም ሳይጠይቅ እሰጣለሁ የሚል ሰው ይበልጥ ያስጠረጥራል።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1976፣ በደቡብ ምሥራቅ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በዓመቱ ፒስ ኮር አገሩን ለቀቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 ያሳተመው ግዙፍ የዘመቻ ታሪክ የአማካሪዎቹንና የኃላፊዎቹን ስም መዝግቧል። በቅሎ ነጂውን በስም መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው።

የተሰበረው ድልድይ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ፣ ትውፊቱ ለዐፄ ፋሲል ዘመን የሚሰጠው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛ ቅስቱ የተቆረጠ የድንጋይ ድልድይ ነው። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ጫፍ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ ክፍተቱን ያቋርጥ ነበር። ኬን ፍራንትዝ የተባለ የቨርጂንያ ሕንፃ ተቋራጭ ይህን ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አየና በ2001 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተሰኘውን ድርጅት አቋቋመ። በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 አዲስ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ታሪኩ በሰፊው የሚነገረው የአንድ ሰውና የአንድ መጽሔት ታሪክ ሆኖ ነው፤ ጎርፉም ሲነሣ እንደ እንቅፋት ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ግን ከ2005 እስከ 2009 ያለው ነው። ፈቃደኛ ሥራው ሲፈርስበት መመለሱ የተለመደ አይደለም፤ ጊዜው አልቋል፣ ሪፖርቱም ገብቷል። እዚህ ግን ተመለሱ፤ ሲመለሱም የቀድሞውን አልደገሙም። የክረምት ዓባይ እስከ የት እንደሚወጣ ለማንኛውም መሐንዲስ የመጀመሪያው ምስክር ያ ገመድ ሳቢ ነው። በኬብል የተንጠለጠለ ድልድይ ደግሞ ከጎርፉ በላይ ያልፋል፤ ድንጋይና አሸዋ የሚያጓጉዝ፣ መልሕቁን የሚገነባ ግንበኛ ይፈልጋል፤ ያም ግንበኛ በማግስቱ ሌላ ወንዝ ላይ ሊሠራው ይችላል።

የዛሬው ተጓዥ

በዚህ ዘመን ተጓዡ ፈረንጅ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት በ2010 የጀመረው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ከአንዱ አባል አገር ተመራቂ ወስዶ ሌላው አገር ያሰማራል፤ የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞችም ከታዳጊ አገሮች ብዙ ባለሙያ ይመለምላሉ። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በተፋሰስ ልማት ተመርቃ በሌላ አፍሪካዊ አገር ገጠር የምትመደብ የቢቸና ልጅ፣ በተራዋ ደብተር የያዘች እንግዳ ትሆናለች። ቀለሟ ተመሳሳይ መሆኑ አያድናትም፤ ገማቾቹም የአገር ልጆች ነበሩ። የሚያድናት ከማን ጋር እንደምትሄድ ነው። ስለዚህ የምደባ ውሏ ላይ የእሷ የሥራ ዝርዝር በገጾች ሲዘረዘር አጃቢዋ በአንድ መስመር ከታለፈ፣ ገና ሳትነሣ ሥራው ተጓድሏል። የአጃቢው አበል፣ የሥራ ሰዓት፣ ሥልጠና፣ በሪፖርቱ ላይ ስሙ፣ «ይህ እዚህ አይሆንም» ብሎ ሥራ የማስቆም ሥልጣኑ፣ እነዚህ በውሉ መግባት አለባቸው።

ክርክሬን ለመፈተን የሚያስችል አጋጣሚም ተፈጥሯል። በ2007 ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ፒስ ኮር በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ፈቃደኞቹን ከየአገሩ በአንድ ጊዜ አስወጣ። እያንዳንዱ ፈቃደኛ የተመደበለት የአገሬው አቻ ነበረው። አቻው የራሱ በጀትና የራሱ ቁልፍ በነበረበት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሥራው ቀጠለ፣ በሌለበትስ ቆመ? ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የሰፈነው ግጭት የመስክ ጥናቱን አክብዶታል፤ ሆኖም ከእነዚያ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች መካከል ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የገቡትን አግኝቶ ቃላቸውን መቀበል ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበዛ ሥራ አይደለም።