ሲሊንደሩ ሰፋ፣ መሠረቱ ቀረ

የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ኢንዱስትሪ አወዳደቅ ሲነሳ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው በጃፓኖች ላይ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 ባለ አራት ሲሊንደሩን ሲቢ 750 ለገበያ አቀረበ፤ እንግሊዞችም በዚያው ተሸነፉ ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ከዚያ በፊት የነበሩት ሠላሳ ዓመታት ይዘለላሉ። ትራየምፍ፣ ኖርተንና ቢኤስኤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገዢ ጉልበት ሲጠይቃቸው ብዙውን ጊዜ የሰጡት መልስ ያንኑ ሞተር ይዞ ሲሲውን መጨመር ነበር። መልሱ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ለሃያ ዓመታት ያህል አዋጥቷል። የጎዳቸው አዲስ ሞተር የመሥራትን ጥያቄ ከዓመት ዓመት እያሻገረ ማቆየቱ ነው።

መነሻው ኤድዋርድ ተርነር ለትራየምፍ ነድፎት በ1937 ይፋ የሆነው ስፒድ ትዊን ነው። ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን የቆሙበት ይህ ሞተር 498 ሲሲ ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋት 63፣ የፒስተኑ ምልልስ 80 ሚሊ ሜትር። ለባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በተሠራው ሻንሲ ላይ መግጠም ስለቻለ ፋብሪካው ብዙ ወጪ አልጠየቀውም። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ዶላር አጥብቃ ትፈልግ ነበር፤ ዶላሩ ያለው ደግሞ ረጅም አውራ ጎዳና በለመደውና 500 ሲሲ ባልበቃው አሜሪካዊ ገዢ ኪስ ነው። ስለዚህ ትራየምፍ በ1949 ስፋቱን ወደ 71፣ ምልልሱን ወደ 82 ሚሊ ሜትር አሳድጎ ተንደርበርድ የተባለውን ባለ 649 ሲሲ አወጣ። በዚያው ዓመት ሦስት ተንደርበርዶች ፈረንሳይ ውስጥ በሞንሌሪ የውድድር ሜዳ 500 ማይል ርቀት በሰዓት ከ90 ማይል በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ሮጠው ጥንካሬያቸውን አሳዩ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ያው 649 ሲሲ በሁለት ካርቡሬተር ቦነቪል ሆኖ መጣ። በ1973 ደግሞ ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር ደርሶ ሞተሩ 744 ሲሲ ሆነ። ከተነሳበት ግማሽ ያህል ጨምሯል፤ የሁለቱ ፒስተኖች አነሳስና አወራረድ ግን የ1937ቱ ነው።

ችግሩም ያለው እዚሁ አነሳስና አወራረድ ላይ ነው። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ አንዱ የሌላውን ምት አያበርድለትም፤ ሞተሩ በሚዛን በኩል እንደ አንድ ትልቅ ፒስተን ነው። በክራንክሻፍቱ ላይ የሚታከለው ማመጣጠኛ ክብደትም ንዝረቱን በከፊል ከላይና ከታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሲሊንደር ሲሰፋ ፒስተን ይከብዳል፤ ፒስተን በከበደ መጠን ንዝረቱ ይጨምራል። ከፍጥነት ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የሞተሩ ዙር በእጥፍ ሲያድግ የንዝረቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚችሉት ቢዬላው፣ ኩሽኔታውና ክራንክሻፍቱን የያዘው ቤት ናቸው። ነጂው ዘንድ ሲደርስ የላላ ብሎን፣ የተበጠሰ የአምፖል ክር፣ በጓርኒሲዮን ሥር የሚያዣ ዘይትና የደነዘዘ እጅ ይሆናል። ለአንድ ፎቅ በተጣለ መሠረት ላይ ሦስተኛ ፎቅ እንደ መሥራት ነው፤ ቤቱ ወዲያው አይፈርስም፣ ግድግዳው ግን ይሰነጠቃል።

ኖርተንም በዚያው መንገድ ሄዷል። በርት ሆፕዉድ የነደፈው ባለ 497 ሲሲ ዶሚኔተር እያደገ በ1962 አትላስ ላይ 745 ሲሲ ደረሰ፤ ንዝረቱም አስቸጋሪ ሆነ። በ1967 የመጣው ኮማንዶ ሞተሩን ከነካምቢዮው በጎማ ላይ አንጠልጥሎ ንዝረቱ ለነጂው እንዳይሰማ አደረገ። ብልሃቱ ድንቅ ነበር፤ ግን ከንዝረቱ የዳነው ነጂው እንጂ ሞተሩ አይደለም። ያው ሞተር በ1972 ኮምባት በተባለው ዓይነት ይበልጥ ጉልበት እንዲያወጣ ሲደረግ የክራንክሻፍቱ ኩሽኔታዎች አልቻሉትም፤ በሌላ ዓይነት ኩሽኔታ መተካት ነበረባቸው።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ሲሲ መጨመርን የፈለገው ገዢው ራሱ አይደለም ወይ? እውነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሞርጎ፣ አሜሪካ ውስጥ ራውት የተባሉ የማስፊያ ዕቃዎች ለትራየምፍ ባለቤቶች ይሸጡ ነበር። የአሜሪካ የውድድር ደንብ ለእንዲህ ያሉ ሞተሮች እስከ 750 ሲሲ ሲፈቅድ፣ በ1970 ወደ 200 የሚጠጉ ቦነቪሎች የራውት ሲሊንደር ተገጥሞላቸው ለውድድር ብቁ ተብለዋል። ነገር ግን ተወዳዳሪ ከውድድር በኋላ ሞተሩን ፈትቶ እንደሚያየው ያውቃል፤ የሚከፍለውን አውቆ ይገባበታል። ፋብሪካ የሚሸጠው ግን ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ የገበያ ነው፤ ኮማንዶን የሞተር ሳይክል ኒውስ ጋዜጣ አንባቢዎች የዓመቱ ምርጥ ብለው አምስት ጊዜ በተከታታይ መርጠውታል። ይህም ሐሰት አይደለም፤ አሮጌውን ማሳደግ ባያዋጣ ኖሮ ቶሎ በተተወ ነበር፣ ወጥመድ ያደረገውም ማዋጣቱ ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ማስፋቱ ራሱ ነው? አይደለም። የሆንዳው 736 ሲሲ ሞተርም ከ61 ሚሊ ሜትር ወደ 65 እየሰፋ 836 ሲሲ ይደረግ ነበር። አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው በተቃራኒ ስለሚሄዱ ግን አንዱ የሌላውን ምት ያበርዳል፤ ስለዚህ ጭማሪውን የሚቀበል መሠረት ነበረው። ሲሊንደር ከማስፋት በፊት መለካት ያለበት ከሥሩ ያለው ነው። ትራየምፍ በመሪደን ፋብሪካው እስከተዘጋበት እስከ 1983 ድረስ በሠራቸው 744 ሲሲ ቦነቪሎች ውስጥ ፒስተኑ ይመላለስ የነበረው ያንኑ የ1949ኙን 82 ሚሊ ሜትር ነው።