ቁርጥማት ሁሉ አንድ አይደለም

በአዳማ አቅራቢያ ያለው የሶደሬ ፍል ውሃ የቁርጥማት ታማሚዎች የቆየ መጠጊያ ነው። ሙቀቱ የደረቀ መገጣጠሚያ ያፍታታል፤ ሌሊት ግን ሕመሙ ተመልሶ እንቅልፍ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ እነ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ብግነት ለምትሠቃይ ሴት ኮርቲሶን ወጉ፤ በቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 የኖቤል ሽልማት ተከተለ። መዘዙም አልዘገየም፦ አጥንት መሳሳት፣ ስኳር መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣት። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ፕሬድኒሶሎን የዚያው ቤተሰብ ነው። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ሆርሞን ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ማታ የተዋጠ ኪኒን ሰውነትን ገና ቀን ነው ብሎ ያታልለዋል። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ጠዋት የሚያዙት ለዚህ ነው፤ ከምግብ ጋርም ይዋጣል።

ወንጂ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ስኳር ፋብሪካው በ1954 ሥራ ሲጀምር ሠራተኛው የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም እጅግ የላቀ ነበር። ከዓመታት በኋላ የብዙዎች አከርካሪና መገጣጠሚያ ደረቀ። ይህም በሰፈሩ ቋንቋ «ቁርጥማት» ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ግን ፍሎራይድን ከአጥንት አያወጣም።

ስለዚህ ያለ ምርመራ ኪኒኑን የሚውጥ የወንጂ ጡረተኛ ሕመሙ ሳይለቀው እንቅልፉንም ሊያጣ ይችላል። የጀመረም በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ አደገኛ ነው። ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሕመሙ የትኛው ቁርጥማት ነው? ኪኒኑስ በስንት ሰዓት ይዋጣል?