ስለ ሻምቦን መንደር ሰዎች

ክርስቶስን በታማኝነት መከተል በአባቶቻችን ዘመን ይቻል ነበር፤ መንግሥትና ትምህርት ቤት፥ ጋዜጣና የብዙ ሰው አስተያየት ሰውን እንደ ጎርፍ በሚወስዱበት በዛሬው ዘመን ግን አይቻልም የሚሉ ወጣቶች አሉ። እኔ ለዚህ በክርክር ከመመለስ ይልቅ አንድ ታሪክ ማስታወስ እመርጣለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ 1000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን የምትባል መንደር አለች። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ሁገኖ የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ልጆች ነበሩ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 የሃይማኖት ነጻነታቸውን በሻረ ጊዜ አያቶቻቸው በዱር ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ስለዚህ የሻምቦን ሰዎች ስደትን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

በ1934 አንድሬ ትሮክሜ የሚባል ፓስተር ከሚስቱ ከማግዳ ጋር ወደዚያ መጣ። ጁን 22 ቀን 1940 ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር የመሸነፏን ውል ፈረመች፤ በማግሥቱ እሑድ ትሮክሜና ባልደረባው ኤድዋር ቴስ፥ ኅሊናን የሚያስገድድ ኃይል ቢመጣ በመንፈስ መሣሪያ፥ ያለ ፍርሃትና ያለ ጥላቻ መቃወም የክርስቲያን ተግባር ነው ብለው ሰበኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ሲያዩት ትንሽ ነበረ። በቪሺ የተቀመጠው የማርሻል ፔታን መንግሥት፥ ተማሪዎች በየጠዋቱ እጃቸውን ዘርግተው ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ፥ መምህራንም ለማርሻሉ የታማኝነት ቃል እንዲፈርሙ ፈለገ። አንድ ሰላምታ ምን ይጎዳል? ብዙ ደኅና ሰዎች እንዲህ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉንም ክፉዎች ነበሩ አልልም። ነገር ግን በየጠዋቱ የሚዘረጋ እጅ፥ የጎረቤቱን ስም ጽፈህ አምጣ በተባለ ቀን እንዴት ይታጠፋል? የሻምቦን ትምህርት ቤት ሰላምታውን አልሰጠም፤ ሁለቱ ፓስተሮችም አልፈረሙም።

ፈረንሳይ ከተሸነፈች በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ክረምት በረዶ እየወረደ ሳለ አንዲት ከጀርመን የሸሸች አይሁዳዊት የማግዳን በር አንኳኳች፤ ማግዳም ግቢ አለቻት። ከእርሷም በኋላ ብዙዎች መጡ።

በኦገስት 1942 የወጣቶች ጉዳይ ሹም የነበረው ላሚራን መንደሪቱን ሊጎበኝ መጣ። በጁላይ ወር በፓሪስ 13 ሺህ ያህል አይሁድ ተይዘው ነበር። ታላላቆቹ ተማሪዎች ለሹሙ ደብዳቤ ሰጡት፤ በመካከላችን አይሁድ አሉ፥ እኛ ግን ሰውን ከሰው አንለይም፥ አሳልፋችሁ ስጡ ብትሉንም አንታዘዝም የሚል ነበረ። ጥቂት ቆይቶ ፖሊሶች አውቶቡስ ይዘው መጡና ትሮክሜን የስደተኞቹን ስም ዝርዝር ጠየቁት። እምቢ አለ። ቤቱንና ጫካውን ቢፈትሹም የሚጫን ሰው አላገኙም ለማለት ይቻላል።

በፌብሩዋሪ 1943 ትሮክሜ፥ ቴስና የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበረው ዳርሲሳክ ታስረው ከአንድ ወር በላይ በካምፕ ቆዩ። ለመፈታት የማርሻሉን ትእዛዝ እንፈጽማለን ብላችሁ ፈርሙ ተባሉ። ዳርሲሳክ ፈረመ፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ቀድሞም የፈረመው ነበርና አልፈርድበትም። ሁለቱ ፓስተሮች ግን እንቢ ብለው ወደ እስር ቤታቸው ተመለሱ፤ ይሁን እንጂ በማግሥቱ እነርሱም ተፈቱ።

ሁሉም አልተፈታም። የትሮክሜ ዘመድ ዳንኤል ትሮክሜ የተማሪዎች ቤት ኃላፊ ነበረ። በጁን 1943 ጌስታፖ ያን ቤት በከበበ ጊዜ እርሱ በሌላ ቤት ስለ ነበረ ወደ ጫካ ሊሸሽ ይችል ነበር፤ ሆኖም ተማሪዎቹን ትቶ ለመሄድ አልወደደም። ከእነርሱ ጋር ተያዘ፤ በአፕሪል 1944 ማይዳኔክ በሚባለው ካምፕ ሞተ።